የባዕድ ንጉሥ መስቀል ባለአደራ፣ አቶ አለበል ገድሉ

የሕያዋንና የሙታን ጌታ ልዑል እግዚአብሔር ወደ ራሱ የጠራቸው አቶ አለበል፣ ከአባታቸው ከቄስ ገድሉና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለላ በ፲፱፻፵፪ ዓ.ም. በመራዊ አቅራቢያ ተወለዱ። ከአባታቸው እግር ሥር ፊደል ቈጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ በዲቁና ካገለገሉ በኋላ ወደ ባሕር ዳር መጥተው ዘመናዊውን ትምህርት በመከታተል በቅየሳ ሙያ ተመረቁ።

በመስኖ ጥናት ሥራ ተቀጥረው የቆጋን ሜዳ ሲቀይሱም ከስዊድናዊው መሐንዲስ ከሚስተር ኤክማን ጋር ተዋወቁ። በሕግ ካገቧቸው ከወይዘሮ ፀሐይወርቅ አንዲት ሴት ልጅ አፍርተው፣ ባለቤታቸው በ፳፻፮ ዓ.ም. በማረፋቸው፣ ልጃቸውም ለሥራ ወደ ሐዋሳ በመሄዷ፣ በጣና ዳር ባለው ቤታቸው ብቻቸውን ቀሩ።

ሚስተር ኤክማን ጡረታ ወጥተው በዚያው በሐይቁ ዳር ይኖሩ ስለ ነበር፣ ደዌ በጸናባቸው ጊዜ አቶ አለበል እንደ ወንድም አስታመሟቸው። እኒህ ሰው የአገራቸው የጥንት ንጉሥ ካርል ፲፫ኛ ፍሪሜሶን ለተባለው ምሥጢራዊ ማኅበር አባላት ብቻ ያቋቋሙት የፈረሰኛነት ማዕርግ ነበራቸው፤ ምልክቱም በወርቅ የተከፈፈ፣ ከአንገት የሚንጠለጠል ቀይ መስቀል ሲሆን፣ ባለማዕርጉ ሲሞት ተመላሽ እንዲሆን ሥርዓቱ ያዝዛል። ስለዚህ በ፳፻፲፪ ዓ.ም. ሊያርፉ ሲሉ የእኅታቸው ልጅ መጥቶ እስኪወስደው ድረስ ለአቶ አለበል በአደራ ሰጡ።

ይሁን እንጂ ወረርሽኙ መንገዱን ዘግቶ፣ ጦርነትም ተከትሎ፣ ሰውየው ሳይመጣ ዓመታት አለፉ። አቶ አለበል የመስቀል ቅርጽ ያለው ነገር በሣጥን ሊቈለፍ አይገባም ብለው ከሥዕለ አድኅኖው አጠገብ ሰቅለውት ሳለ፣ በወር ተራቸው የኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኞች ለጽዋ ገብተው፣ እሳቸው ጠላ ሊያስቀዱ ወደ ጓዳ ባሉበት ጊዜ፣ የቤተ ክርስቲያን መስሏቸው አንድ በአንድ ተሳለሙት። አቶ አለበል ሲመለሱ ይህን አይተው ደነገጡ፤ ምንነቱንም ሳይሸሽጉ በነገሯቸው ጊዜ ማኅበርተኞቹ አፋቸውን በነጠላቸው ጠርገው ተነሡ። ማኅበሩን የሚመሩት ሙሴም «ኧረ ጋሼ አለበል፣ ይኸን ጉድ ጣና ይብላውና ጽዋችንን እንጠጣ!» ብለው ቢማጠኗቸው፣ «አደራ ብለውኝ ተቀበልሁ፤ አደራ በበላሁበት አፍ እንዴት አድርጌ እቈርባለሁ?» ሲሉ መለሱ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ጽዋው ደጃቸውን አልፎ ይሄድ ጀመር፤ የፍሪሜሶን አባል ሆነዋል የሚል ወሬም ተከተላቸው።

እሳቸው ግን የተጠመቁበትን ሃይማኖት ለአንዲት ሰዓት እንኳ እንዳልለወጡ የነፍስ አባታቸው ይመሰክራሉ። በ፳፻፲፭ ዓ.ም. የሟቹ የእኅት ልጅ ሲመጣ መስቀሉን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው አስረከቡ፤ ስዊድን መድረሱም ተሰማ፤ ጽዋው ግን አልተመለሰም። ቢሆንም ተራቸው በደረሰ ቁጥር ቄጠማ ጐዝጕዘው፣ ዳቦ አስጋግረውና ጠላ አስጠምቀው እስከ ሠርክ በደጃፋቸው ይጠብቁ፣ ሲመሽም ሁሉን ለነዳያን ሰጥተው ብቻቸውን ይገቡ ነበር።

ያደረባቸው የልብ ሕመም ጸንቶባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ለዚህ ወር ተራቸው ጠላ አስጠንስሰው ሳለ፣ በተወለዱ በ፸፮ ዓመታቸው ጥር ፲፫ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም. ዐረፉ። ከኋላቸውም ልጃቸውን ወይዘሮ ወንጌላዊትን፣ እኅታቸውን ወይዘሮ ባንቺአየሁን፣ እንዲሁም እሳቸው በደጃፋቸው ቆመው ሲጠብቋቸው የኖሩትን የኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኞች ትተዋል።

ነፍሳችንን በአደራ የሚጠብቅ አምላክ የአገልጋዩን የአለበልን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ እቅፍ ያኑርልን፤ አሜን። ያስጠነሰሱት ጠላ ደርሷልና፣ ከቀብር ስንመለስ በቤታቸው ይቀዳል።