ከታች ማን ቋጠረው?

ክቡራትና ክቡራን፣ የስታዲየማችን ሥራ አስኪያጅ፣ የጥገና ክፍል ጓደኞቼ፣ በር ጠባቂዎች፤ ለዚህ ሁሉ የጡረታ መሸኛ ሽር ጉድ እግዜር ይስጥልኝ። ወንበር ደርድራችሁ፣ ኬክ አስጋግራችሁ፣ ስሜን ግድግዳ ላይ ጽፋችሁ ጠበቃችሁኝ። ስሜንም ራሴ አነበብኩት። የማታ ትምህርት የጀመርኩት ለካ ለዛሬ ነበር። ንግግሩንም የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ደስ ያላችሁ ቦታ ላይ ማጨብጨብ ይፈቀዳል።

ትናንት የጻፍኩት ግን ሌላ ነበር። «አረንጓዴ ሜዳ ትቼላችሁ እሄዳለሁ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ዛሬ ጠዋት ያየሁትን ካየሁ በኋላ እንዴት አድርጌ ላንብበው? ተጠባባቂ ተጫዋቾች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ይህን ጻፍኩ። ፊደሉ የተንጋደደው ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለጻፍኩት ነው።

ባለቤቴ ይቺው ከፊት ተቀምጣለች። ልብስ ሰፊ ናት። ቅዳሜና እሁድ ሥራ ስለሚበዛባት ሜዳውን አንድም ቀን አይታው አታውቅም። እኔ ደግሞ «በዓለም ላይ እንደኔ ሣር የሚያሳድግ የለም» እያልኩ ጆሮዋን አደንቁሬዋለሁ። አምና ያ ትልቅ ማሽን መጥቶ፣ ሣሩ በጫማ እንዳይነቀል ተብሎ፣ በሣሩ መሀል የፕላስቲክ ክር ወደ መሬት ሲሰፋ የዋለ ዕለት፣ ማታ ገብቼ ነገርኳት።

«ሣር ሰፉ?»

«ሰፉ። በረድፍ በረድፍ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ፀሐይ መትቶሃል። ውሃ ጠጣና ተኛ።»

ምን ታድርግ? እኔስ መች አመንኩ? ግን ክረምቱን ሙሉ በዝናብ ተጫወቱበት፣ በረኛው የሚቆምበት እንኳ ጭቃ አልሆነም። ስለዚህ የምሰናበት ቀን ላሳያት ቃል ገባሁ።

ዛሬ ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ መጣች። ተጫዋቾች በሚወጡበት መተላለፊያ አስገባኋት። «ዓይንሽን ጨፍኚ» ብዬ እጇን ይዤ እስከ መስመሩ አደረስኳት። «አሁን ግለጪ» ስላት እኔም አብሬ አየሁ።

ሣር የለም።

ከጎል እስከ ጎል አሸዋ ነው። በላዩ እንደ ብሩሽ ፀጉር የቆመ ፕላስቲክ ብቻ። እረፍት በወጣሁባት ሳምንት ሣሬን ልጠው ወስደውታል።

«ይሄ ነው?» አለች ባለቤቴ። «ይሄን ሁሉ ዓመት እራት የቀዘቀዘው ለዚህ ነው?»

የሣር ባለሙያችን፣ እዚያ አንገቷን ደፍታ የምትስቀው፣ ሮጣ መጣች። «ጋሼ፣ ክር የተሰፋበት ሜዳ ላይ በየዓመቱ የሚደረግ ነው። አሮጌው ሣር ይላጣል፣ ክሩ ይቀራል፣ አዲስ ዘር ይዘራል።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ማሽኑ ፊት ይተኛሉ ብለን ፈራን።»

እውነቷን ነው፣ እተኛ ነበር።

ከሷ ጋር ስጨቃጨቅ ባለቤቴ ከጎኔ የለችም። ዞር ብል አሸዋው ላይ ተንበርክካለች። መነጽሯን አድርጋ ረድፉን በጣቷ ትከተላለች።

«ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው» አለች።

ደነገጥኩ። ይቺ ሴት የሰው ስፌት አመስግና አታውቅም።

«ክሩ ምን ያህል ገብቷል?»

«አንድ ስንዝር ያህል» አለች ባለሙያዋ።

ባለቤቴ አንዱን ክር ይዛ ሳበችው። አልመጣም። ጣቷ ላይ ጠምጥማ ደግማ ሳበችው። እምቢ አለ።

«ከታች ማን ቋጠረው?»

«ማንም አልቋጠረውም። የሣሩ ሥር ነው ተጠምጥሞ የያዘው።»

«የማን ሣር?»

«የጋሼ ነዋ። እኛ የላጥነው ላዩን ነው።»

ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። አሸዋውን ከቀሚሷ አራገፈች። «ይሄማ አይተረተርም» አለችኝ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ድንጋጤው እስካሁን አለቀቀኝም። የትኛው እንዳስደነገጠኝ ግን ተምታቶብኛል፤ የሣሬ መጥፋት ነው ወይስ የባለቤቴ ማመስገን?

አዲሱ ሣር ሲበቅል ጥሩን። በር ጠባቂው ወንድሜ፣ ትኬት ብትጠይቀን እንጣላለን። ዘሩ ይያዝላችሁ። ዝናቡ በልክ ይምጣላችሁ። ልጆቻችሁ ሲወድቁ ለስላሳ ላይ ይውደቁ። ማታ ደክሟችሁ ስትገቡ ስለ ሥራችሁ የምታወሩለት ሰው አይጥፋባችሁ። የመሰናበቻችሁም ቀን ሲደርስ፣ ላዩ ተልጦ ቢገኝ እንኳ፣ ተንበርክኮ ክሩን ስቦ የሚያይላችሁ ሰው ይስጣችሁ።