የወይዘሮ ቦጋለች የጽድ አጥር

ጎረቤትን የሚያክል ዘመድ የለም ይባላል። ይህን ዘመድ እንዳያስቀይሙ ሲጠነቀቁ ሊያጡት ጥቂት የቀራቸው እናት አሰላ ውስጥ ነበሩ።

ወይዘሮ ቦጋለች ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ልጃቸው ትንሳኤ ከጢቾ ወደ አሰላ ተዛውራ ከሁለት ልጆቿ ጋር ልትመጣ ስለሆነ፣ ከቤታቸው ጎን ሁለት ክፍል ሊያስቀጥሉ ተነሡ። ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያው መድረስ አለበት። ግንበኛው ቱፋ በጽድ አጥሩ ጥግ ሲባጎ ወጥሮ መሠረት ሊቆፍር ሲል፣ በቅየሳ ትምህርት የተመረቀችው የሰፈሩ ልጅ ፈናን በዚያ ስታልፍ አየችው። ዓይን አፋር ናትና ለመግባት ሁለቴ አሰበች፤ በኋላ ግን ገባች።

“እንደምን ዋሉ፣ እትዬ? ወሰንዎን አስለክተዋል?”

“ምኑን ነው የማስለካው? አጥሩ ይኸው! ሃያ ስምንት ዓመት ከሽኩር ጋር ከዚህ ጽድ ወዲህና ወዲያ ስንኖር ክፉ ቃል ተነጋግረን አናውቅም።”

“አጥሩ የተተከለው በዓይን ግምት ይሆናል ብዬ ነው። ካርታው ላይ ያለውን...”

“ስሚ ልጄ፣ ሜትር ይዞ ጎረቤት ደጅ መሄድ ‘አላምንህም’ ማለት ነው። ወሰን የሚለካው ፍቅር ሲያልቅ ነው።”

“ፍቅር ካለቀ በኋላማ፣ እትዬ፣ የሚያስለካው ፍርድ ቤት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ግድግዳው ቆሟል።”

ቱፋ አካፋውን ተደግፎ ሳቀ። “ኧረ ፈኒ፣ ተይን! ሲሚንቶ ክርክር አይችልም፣ ይደርቃል።”

“ለማፍረስም የሚጠሩት እርስዎን ነው፣ ጋሼ ቱፋ። ምን ገደዎት!”

ከዚያ አጎንብሳ ሳሩን ገለጥ ገለጥ አደረገች። ከአጥሩ ወዲህ፣ አንድ ርምጃ ያህል ወደ ቤቱ ገባ ብሎ፣ አሮጌ የጽድ ጉቶ ነበር። አለፍ ብሎም ሌላ።

“እነዚህን ማን ነው የተከላቸው?”

ወይዘሮ ቦጋለች ጎንበስ ብለው ጉቶዎቹን አዩ። ከሟች ባለቤታቸው ጋር የተከሏቸው የመጀመሪያዎቹ ጽዶች ነበሩ። ሲደርቁ ጉቶው አላስቆፍር ስላላቸው አዲሱን ከጉቶው ወዲያ ተከሉት። እሱም ሲደርቅ አሁንም ወደዚያ። አጥሩን ወደ ሽኩር ግቢ ያራመደው የገዛ እጃቸው ነው። ፊታቸው ጋለ።

“ሽኩር ይህን ሁሉ ዓመት እያየ ዝም አለኝ?”

“አፍሮ ይሆናላ” አለች ፈናን በቀስታ። “እርስዎም ለመጠየቅ እንዳፈሩት።”

“ቱፋ፣ ሲባጎውን ፍታው!”

ነጠላቸውን አስተካክለው ራሳቸው የሽኩርን በር አንኳኩ። ገና “ወሰናችንን እናስለካ” ሲሉት፣ ባለሱቁ ሽኩር ሮጦ ገብቶ በላስቲክ የተጠቀለለ ካርታ ይዞ ወጣ።

“ወላሂ፣ እትዬ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ስጠብቅ ነበር! ለባለቤቴ ለአይሻ ማድ ቤት ልሠራላት ብል ቦታው አልበቃ አለኝ። ልጆቼን ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ነዎትና ‘አጥርዎ ገፋኝ’ የምልበት አፍ ከየት ላምጣ?”

“አንተ ሞኝ! ብትነግረኝ እኮ አንድ ቀን ተቆጥቼህ በማግስቱ ምሳ እጋብዝህ ነበር።”

በማግስቱ ፈናን መሣሪያዋን ይዛ መጣች። ሁለቱ ጎረቤታሞች ካርታቸውን ጎን ለጎን ዘረጉ፤ ችካሎቹም በሁለቱ ፊት ተመቱ። አጥሩ ሽኩር ግቢ ውስጥ አንድ ሜትር ከአሥር ሳንቲ ሜትር ገብቶ ተገኘ። በሲባጎው ቢቆፈር ኖሮ አንዱ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ በሰው መሬት ላይ ይቆም ነበር።

“እንግዲህ ክፍሎቹ አይበቁም ማለት ነው?” አሉ ወይዘሮ ቦጋለች፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

“ወደ ቤቱ ጀርባ ብናዞራቸው ሁለቱም ይገባሉ” አለች ፈናን። “ የጣሪያው ውሃም በራስዎ ግቢ ይወርዳል፤ የሰው ግድግዳ አይነካም።”

እንዳለችውም ሆነ። ዝናቡ ሲጀምር ትንሳኤ ከነልጆቿ ከአዲሱ ጣሪያ ሥር ነበረች፤ ከወዲያ ደግሞ የአይሻ ማድ ቤት ጭስ ይወጣ ጀመር። በመካከል፣ በችካሉ መስመር፣ ሁለቱ ቤተሰቦች አብረው የተከሉት አዲስ ጽድ ቆሟል።

በዕድር ስብሰባ ላይ ወይዘሮ ቦጋለች ተነሥተው “ግንበኛ ከመጥራታችሁ በፊት ጎረቤታችሁን ጥሩ፤ ከጎረቤታችሁ ጋር ሆናችሁ ቀያሽ ጥሩ። ያስለካ ሰው አያፈርስም፣ አይካሰስም፣ ለልጁም ጠብ አያወርስም” አሉ።

“እትዬ፣ ‘ወሰን የሚለካው ፍቅር ሲያልቅ ነው’ ሲሉ አልነበር?” ብሎ ነካቸው ሙንተሲር የሚባል ጎረምሳ።

“ብያለሁ፣ ልጄ” አሉ ሳያፍሩ። “ፍቅር የመሰለኝ መተፋፈር ኖሯል። እኔና ሽኩር የልባችንን መነጋገር የጀመርነው ካስለካን ወዲህ ነው።”