ባል ሙክት አይወስድም

(ደብረ ብርሃን፣ ከአንድ ዕድር አዳራሽ ጀርባ ያለች ጓዳ፤ ለአረጋውያን ቤት ጣሪያ ማሠሪያ የሚሆነው ቶምቦላ አዘጋጅ ወይዘሮ ደብሪቱና በፋሲካ ማግስት ከቤት ያባረሩት ባላቸው አቶ ላቀው የሽልማቱን ሙክት ገመድ ከሁለት ይዘው ይጓተታሉ፤ ሕዝቡ አዳራሽ ውስጥ ባለዕድሉን ይጠብቃል።)

ላቀው፦ ገመዱን ልቀቂ! ዕጣው የወጣው ለእኔ ነው፤ ሕዝብ ሰምቷል።

ደብሪቱ፦ ሕዝቡ ቁጥሩን ነው የሰማው፤ የማን እንደሆነ መች ሰማ? ደንቡን ግን አንተም ሰምተሃል፤ ራሴ በማይክራፎን አንብቤዋለሁ። «አዘጋጁ፣ የትዳር ጓደኛውና ልጆቹ ሽልማቱን መውሰድ አይችሉም።»

ላቀው፦ ዕቁብ ላይ ዳኛውም ዕጣ ይወጣለት የለ እንዴ? ማን ተው አለው?

ደብሪቱ፦ ዕቁብ ለሁሉም ይደርሳል፤ ተራ መጠበቅ ነው። ይሄ ቶምቦላ ነው! ደጅ ተጠንቶ በስንት መከራ ፈቃድ የወጣበት። ነገ «ለባሏ አወጣችለት» ተብሎ የአረጋውያኑ ጣሪያ ሳይከደን ዘብጥያ ልውረድ? ደግሞስ ማን ነው የሸጠልህ?

ላቀው፦ እናትሽ። «ይድረስህ ልጄ» ብለው መርቀው ነው የቆረጡልኝ።

ደብሪቱ፦ እማዬ ድሮም ላንተ ታደላለች!

ላቀው፦ ለመሆኑ ባልሽ ማን ነው?

ደብሪቱ፦ ምን አልክ?

ላቀው፦ ብርድ ልብሴን በአጥር ላይ ወርውረሽ «ከዛሬ ጀምሮ ባሌ አይደለህም» አላልሽም? ጎረቤት ሁሉ ምስክሬ ነው። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል። ያኔ ያልሆንኩት ባል ዛሬ ሙክት ሲደርሰኝ ከየት መጣ?

ደብሪቱ፦ ፍሪጁን ሽጠህ ለእንግሊዝ ኳስ ስታስይዝ ምን ልበልህ ኖሯል? እልል ልበል?

ላቀው፦ ትቻለሁ አልኩሽ! ከእንግዲህ ቤቲንግ ቤት ከረገጥኩ እግሬ ይሰበር። ይሄ ለአረጋውያኑ ነው።

ደብሪቱ፦ ለአረጋውያኑ! የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።

ላቀው፦ እኔ ያስያዝኩለት ቡድን ሁሉ በባከነ ሰዓት ነው ጎል የሚገባበት። ዛሬ እግዜር ፊቱን ቢመልስልኝ፣ አንቺ ደንብ ይዘሽ ከተፍ አልሽ።

ደብሪቱ፦ መልካም። እንዳሉት ይሁን፣ አቶ ላቀው።

ላቀው፦ «እንዳሉት»?

ደብሪቱ፦ ባዳ ሰው በአንቱታ ነው የሚጠራው። በሩ ያውና። ወጣ ብለው ለሕዝቡ «ባሏ አይደለሁም» ይበሉ። እኔም ደንብ አላፈርስ፣ እርስዎም ሙክትዎን እየጎተቱ ይሄዳሉ።

ላቀው፦ ይሄው ነው? እንዲህ በቀላሉ?

ደብሪቱ፦ ለእርስዎማ ምን ይከብዳል!

ላቀው፦ ለመሆኑ የት የምወስደው መስሎሽ ነው? ወንድሜ ቤት እኔ ራሴ ሶፋ ላይ ነው የማድረው።

ደብሪቱ፦ ታዲያ ምን ያደርግልዎታል?

ላቀው፦ እርስዎ አትበይኝ! ላንቺ ነው። ባዶ እጄን ከምመጣ፣ ሙክት እየጎተትኩ ብመጣ በሩን ትከፍትልኛለች ብዬ ነው።

ደብሪቱ፦ በገዛ ሙክቴ እኔኑ ሊታረቁ? ዕርቁንም በዕጣ?

ላቀው፦ ሌላ ምን አለኝ?

ደብሪቱ፦ አፍ አለዎት! እኔ ሙክት ጠየቅሁ? ሽማግሌ ጠየቅሁ? በር በተንኳኳ ቁጥር መጣ እያልኩ ስነሳ ስቀመጥ፣ የጠበቅሁት አንዲት «አጠፋሁ» ነበረች።

ላቀው፦ አጠፋሁ።

ደብሪቱ፦ ለእኔ ነው ለበጉ? ዓይንዎ እሱ ላይ ነው።

ላቀው፦ ላንቺ ነው ደብሪቱ። አጠፋሁ። ግን... ላቱን እስቲ እዪው፤ መሬት ሊነካ ምን ቀረው?

ደብሪቱ፦ አይቼዋለሁ። ሰው እየጠበቀ ነው፤ በሩን ከፈትኩት። እንግዲህ ከሙክቱና ከቤትዎ አንዱን ይምረጡ።

ላቀው፦ እ... ወገኖቼ... ይቅርታ አድርጉልኝ። ዕጣው እንደገና ይውጣ። የደረሰው ለእኔ ነበር፤ ግን... ባሏ ነኝ።

ደብሪቱ፦ ድምፅህን ከፍ አድርግ፤ ኋላ ያሉት አልሰሙም።