የእትዬ አስካለ ግድ

ደብረ ብርሃን የአማርኛ መምህር ነኝ። አምና ትኩሳት ጣለኝና ጉንፋን ነው ብዬ ቤቴን ዘግቼ ተኛሁ። ጎረቤቴ እትዬ አስካለ፣ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ እናት፣ ባጃጅ ይዘው መጡ። «ሐኪም ቤት አልሄድም፤ በግድ ነው እንዴ?» አልኳቸው።

«አዎ፣ በግድ! እኔንም ከቤቴ ያስወጡኝ በግድ ነው፤ መሞቴም መኖሬም ግን አልገደዳቸውም። ያንተ እኔን ይገደኛል፤ ተነስ!» ብለው ደግፈው ወሰዱኝ። የሳንባ ምች ኖሯል፤ ሐኪሙ «ብትዘገይ አትተርፍም ነበር» አለኝ።

ተኝቼ ሳስበው ገረመኝ። «ማስገደድ» የወጣው «ግድ» ከሚለው ቃል ነው እያልኩ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ፤ «ይገደኛል»ም ከዚያው መውጣቱን ግን ልብ ብዬው አላውቅም። ይህንኑ ለእትዬ ስነግራቸው ሳቁና «እንግዲያው ስለሚገደኝ በግድህ ትጠጣለህ!» ብለው አጥሚቱን አቀበሉኝ።