ቡርቃ ነጋያን ያስጠሯት ሰው

አካም ጅርታ፣ አዴ ድርቤ? ነጋ? ነይ፣ እዚህ አጠገቤ ተቀመጪ። ሁለተኛ ረድፍ እኮ ነው የሰጡን! ከመንደር ነቀምቴ ስንመጣ እንዲህ ያለ ወንበር መቼ አግኝተን እናውቃለን? ከፊታችን ላሉት ተሸላሚ ሰውዬ የደረቡላቸው ጋቢ እንዴት ያምራል... ዞር ብለው ባያዩንም ጥለቱ ከኋላ ይታያል።

ጮክ አልኩብሽ እንዴ? ጆሮሽ ይከብዳል ብዬ እኮ ነው። አይከብድም? እንግዲያው ከባዱ የሌላ ሰው ጆሮ ይሆናላ።

ምን ያለ የተማሩ ሰው ናቸው እቴ! ያንን ትኩሳት ወባ ነው እያልን ሰው ስንቀብር፣ ዋሻ ገብተው የሌሊት ወፍ ይዘው፣ የኛንም ደም በብልቃጥ ቀድተው ቫይረሱን አገኙት። የሌሊት ወፍ የነካችውን ማንጎ አትብሉ አሉን፤ ተውን። ዛሬ ባሕር ማዶ ያሉ ሐኪሞች ሳይቀሩ በሳቸው መመርመሪያ ነው አሉ የሚሠሩት። ይህንንማ አልክድም፤ ታናሹን ልጄን ያተረፈልኝ ያው መመርመሪያ ነው። ከአንጀቴ ነው የማመሰግናቸው።

ከዚያ ለቫይረሱ ስም ሲያወጡለት... የማንን ስም ቢሰጡት ጥሩ ነው? የኛን መንደር! «የቡርቃ ነጋያ ቫይረስ»። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይሉ የለ? የኛማ ከገበያም በላይ ዋለ። ባለፈው አንዷ ጣቷን ቅቤዬ ውስጥ ነክራ ቀመሰችና «ሲጣፍጥ! የየት ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። እስካሁንም የምትጉመጠመጥ ይመስለኛል። አሁን «የኑኑ ቁምባ ቅቤ ነው» እላለሁ። ምን ላድርግ?

የልጄን የሌንሳዬንም ነገር ታውቂዋለሽ። ለሠርጓ ቀን ቆርጠን ሳለ ሬዲዮው የመንደራችንን ስም ጠራ። በማግስቱ አማቶቿ ከሲሬ መጥተው «ዘርፈሽ፣ እስቲ ትንሽ እንቆይ» አሉኝ። ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ በሽታ የሚል ቃል አልወጣቸውም። የልጁ አባት ኦቦ ዋቅወያ ብቻ «ከዚያ መንደር ወጥቶ፣ ወልዶ ከብሮ በጤና የሚኖር አንድ ሰው አሳዩኝና ሠርጉ ይደገስ» አሉ። ያውልሽ፣ በስተግራ ተቀምጠዋል።

እኔ ሞኟ ዛሬ እየፈነደቅኩ መጣሁ። የሊቁ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ኦቦ ዋቅወያ ይሰማሉ፣ ነገሩ አለቀ ብዬ። አስተዋዋቂው ምን አለ? «እዚሁ ጨለለቂ ሰፈር ተወልደው ያደጉ የነቀምቴ ልጅ!»... አጨበጨብኩ። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እጄን ወዴት ላድርገው?

እኛ ጋ አንድ ልጅ ነበር እንጂ። እናቱና እናቴ ከአንድ ምንጭ ይቀዱ ነበር፤ እትብቱ የተቀበረው ከጓሯችን በላይ ነው። እሱም ሩቅ ሄዶ ተማረ አሉ። መልኩ ቁርጥ እኒህን ሰውዬ ነው፤ ከማንጎ ዛፋችን ወድቆ ማጅራቱ ላይ ያወጣት ጠባሳ እንኳ ያቻትልሽ። መቼም ሰው ከሰው ይመሳሰላል። ያ ልጅ ግን መንደሩን የሚክድ አልነበረም። እኔ እንኳ አገር የቀየርኩት ለቅቤዬ ብቻ ነው።

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል። ከኛ ደጃፍ የተወሰደው ደም ብቻ ነው፣ ሞፈራችን ደህና ነው። ታዲያ ምን ያስከፋል?

ቆይ ዝም ልበል፣ ማይኩን ሊሰጧቸው ነው። «እኔም የዚያ መንደር ልጅ ነኝ» ማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል ድርቤ?... አይ፣ ለጨለለቂ ሰው ይህ ምኑ ነው። ተያቸው።

እኔ ግን ሳልመርቃቸው አልሄድም። ጌታ ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው። ሌላም ቫይረስ ያግኙ። ክብሩንም ከኛ ከድሆቹ ጋር አይካፈሉት፤ የሚቀጥለው በራሳቸው ስም ይጠራ፣ ሬዲዮውም ጧት ማታ ያንሳው። ሴቶች ልጆቻቸውም በአባታቸው ስም እየተጠሩ፣ ልክ እንደኔ ሌንሳ፣ በወግ በማዕረግ ይዳሩ። አሜን በይ እንጂ!