ከግሩፑ ያልወጣው

ደሴ፤ በአንድ የግል ጤና ኮሌጅ ላቦራቶሪ ውስጥ። የላቦራቶሪው ረዳት ይመር ብልቃጥ ያጥባል፤ ኮሌጁን የከሰሰችው የቀድሞ የክፍል ጓደኛው ሰዓዳ በሩ ላይ ቆማለች።

ሰዓዳ፦ ስልኩን ብቻ አይደለም የምልህ፤ አንተም ፍርድ ቤት ትመጣለህ።

ይመር፦ ቀስ በይ። በሩን ዝጊው።

ሰዓዳ፦ ብዘጋው ደግሞ ምን እየሠሩ ነው ይሉናል።

ይመር፦ እሱም አለ። ገርበብ አድርጊው። የኮሌጁ ዲን የላከልንን የድምፅ መልእክት ልላክልሽ አላልኩሽም? አሁኑኑ እልከዋለሁ፤ ከዚያ ሂጂ።

ሰዓዳ፦ የተላከ አይሆንም። ባለፈው የግሩፑን ስክሪንሾት ይዤ ብገባ የኮሌጁ ጠበቃ ምን አለ መሰለህ? «ይህንንማ ታናሽ ልጄም ይሠራዋል»። ችሎቱ በሙሉ ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም፤ ግን «መልእክቱ የደረሰው ሰው ከነስልኩ ሐሙስ ይቅረብ» አሉ።

ይመር፦ ላንቺም ደርሶሽ ነበር እኮ።

ሰዓዳ፦ ከክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ወጣሁ አይደል።

ይመር፦ ሁላችንም እንውጣ ያልሽውም አንቺ ነሽ።

ሰዓዳ፦ ተቃውሞ ነበር።

ይመር፦ ግሩም ተቃውሞ። ማስረጃውን ለዲኑ አስረክባችሁ ወጣችሁ።

ሰዓዳ፦ አሹፍ። አንተስ ለምን ቀረህ?

ይመር፦ «ይመር ከግሩፑ ወጣ» ተብሎ ሲጻፍ ታየኝ። አፈርኩ።

ሰዓዳ፦ ወላሂ፣ በዓይን አፋርነቱ የተጠቀመ ሰው አንተን አየሁ።

ይመር፦ አሁን እኔና ዲኑ ብቻ ነን ያለነው። ለበዓል «ውድ ተማሪዎቻችን እንኳን አደረሳችሁ» ይላል።

ሰዓዳ፦ ለማን?

ይመር፦ ለእኔ። «አሜን» እለዋለሁ።

ሰዓዳ፦ የራሱ ሰው አድርጎ አምኖሃል። ባያምንህ ያን ድምፅ እስካሁን ባጠፋው ነበር። እሱ ከሰረዘው ደግሞ ካንተም ስልክ ላይ ይጠፋል።

ይመር፦ አውቃለሁ።

ሰዓዳ፦ ታዳምጠዋለህ?

ይመር፦ አንዳንዴ። «የፋርማሲ ትምህርቱ ፈቃድ ገና ነው። እሱ የእኛ ጣጣ ነው፤ እናንተ ተማሩ፤ ለፈተናው እኔ አለሁላችሁ»።

ሰዓዳ፦ ለብቃት ምዘና ፈተናው ስንሄድ ስማችን የለም። አሁን ደግሞ ፍርድ ቤት ቀርበው «ፋርማሲ አላስተማርንም፤ አጭር ሥልጠና ነው የሰጠናቸው» ይላሉ። እኔ ፌስቡክ ላይ «ያለ ፈቃድ አስተማሩን» ብዬ ስለጻፍኩ በስም ማጥፋት ከሰውኛል። ስም አጥፊ ነው የምባለው፣ ይመር። እነሱ ምንም አይጠየቁም።

ይመር፦ ሉባባ እዚህ ነው የምትማረው።

ሰዓዳ፦ እህትህ?

ይመር፦ የሠራተኛ ቤተሰብ ተብላ በነፃ። እኔ ከተባረርኩ እሷም ወጣች።

ሰዓዳ፦ ምን ትማራለች?

ይመር፦ ነርሲንግ።

ሰዓዳ፦ ፈቃድ አለው?

ይመር፦ አልጠየቅኩም።

ሰዓዳ፦ የዲኑ ቢሮ እኮ ከዚህ ሁለተኛው በር ነው።

ይመር፦ መጠየቁ አይደለም የከበደኝ። መልሱ ነው።

ሰዓዳ፦ እሺ፣ ተወው። አላስጨንቅህም። ጠበቃቸው «ይቅርታ ጻፊና ክሳችንን እናነሳለን» ብሏል። ዛሬ ፌስቡክ ላይ «ዋሽቻለሁ» ብዬ እጽፋለሁ። የእኔንም ክስ እተወዋለሁ። አባቴ ያነበዋል፤ ምን ይደረግ።

ይመር፦ አባትሽ ፌስቡክ አላቸው እንዴ?

ሰዓዳ፦ በእኔ የተነሳ ከፈተ። ልጄን ምን እያሉ እንደሚሰድቧት ልይ ብሎ።

ይመር፦ አትጻፊ።

ሰዓዳ፦ ሌላ ምን ምርጫ ሰጠኸኝ?

ይመር፦ ሐሙስ እመጣለሁ።

ሰዓዳ፦ አሁን አልመጣም ስትል አልነበር?

ይመር፦ ላንቺ አይደለም። ለእነሱ ነው። ዲኑ ምስክር አድርጎኛል። አጭር ሥልጠና ነው የወሰድነው እንድል።

ሰዓዳ፦ አንተም እሺ አልክ?

ይመር፦ እምቢ ማለት መቼ አውቅበታለሁ?

ሰዓዳ፦ ይህን ሁሉ ስለምንህ ዝም ብለህ ብልቃጥ ታጥባለህ?

ይመር፦ ስሚኝማ። ያንቺ ጠበቃ የእነሱን ምስክር መጠየቅ ትችላለች?

ሰዓዳ፦ ትችላለች። ግን ምን ብላ?

ይመር፦ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይሆናል።

ሰዓዳ፦ ሥራህስ? ሉባባስ?

ይመር፦ ሉባባን አትጥሪብኝ፤ ሐሳቤን እቀይራለሁ። እኔ በራሴ አፍ አልጀምረውም፣ ሰዓዳ፤ ጉልበቱ የለኝም። ጠበቃሽ «ስልክህን አውጣና ግሩፑን ክፈተው» ትበለኝ፤ በራሳቸው ምስክር እጅ ይከፈታል።