ጠረጴዛው ሲደበደብ

ከሳቢያን ወደ ከዚራ በሚሄደው ሚኒባስ ሬዲዮ ላይ አንድ የስፖርት አቅራቢ፣ ስቱዲዮ ተቀምጦ የከተማችንን ቡድን ጨዋታ እያየ ያወራል። ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ አጠገባቸው ወዳለችው ሴት ዞሩ።

«ልጄ፣ ስንት ለስንት ናቸው?»

«ባዶ ለባዶ፣ ጋሼ።»

«መቼ ተናገረ? ከተሳፈርኩ ጀምሮ እሱ ራሱ ከአሰልጣኙ ጋር ስለመጣላቱ ነው የሚያወራው።»

«አልተናገረም። ስናገባ ጠረጴዛ ይደበድባል፤ ሲገባብን ዝም ብሎ ውሃ ይጠጣል። እስካሁን ሁለቱም የለም።»

«በእኛ ጊዜ አስተላላፊው ኳሷ ማን እግር ላይ እንዳለች፣ ስንተኛው ደቂቃ እንደሆነ ይነግርሽ ነበር። ገና ሬዲዮ ለከፈተ ሰው ውጤቱን ይደግም ነበር። የማን ደጋፊ እንደሆነ ግን ቢገድሉት አይናገርም ነበር።»

«አቦ ጋሼ፣ ይሄ የእኛ ነው። ስንሸነፍ አብሮን ያለቅሳል።»

«ለማልቀስማ ለቅሶ ቤት አለ። እኔ የጠየቅኩት ውጤት ነው።»

ይሄኔ ሬዲዮው ውስጥ ጠረጴዛ ተደበደበ። «አላልኳችሁም? አላልኳችሁም!»

«ምን እያለ ነው? ማን አገባ?»

«ጠረጴዛ ነው፣ ጋሼ። እኛ ነን፣ ወላሂ እኛ ነን።»

ሚኒባሱ በጭብጨባ ተናወጠ። ቀጣዩ ፌርማታ ላይ አንድ ሰው ገና ሳይቀመጥ «ስንት ለስንት ናቸው?» አለ። አቅራቢው አሁንም «አላልኳችሁም» ላይ ነው። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አሁን ለተቀላቀላችሁን አድማጮቻችን፣ የእኛ ቡድን አንድ፣ እንግዳው ቡድን ባዶ።»

«ጋሼ፣ ‹የእኛ› አሉ እኮ» አለች ሴትየዋ።

ኳስ ተከታትዬ የማላውቀው እኔ፣ የፊቴን ወንበር በመዳፌ ስደበድብ እንደነበር ያወቅኩት ከዚራ ስንደርስ ነው።